ወሰኑ የሚለይ ዕቃ፤ ስለ አንድ የጀርመን ቃልና ስለ ነጋዴው ጥቅም

ንግድ በቃል ይጀመራል፤ በጽሕፈት ይጸናል፤ በሒሳብ ይፈጸማል። ከሦስቱ አንዱ የተዛባ እንደ ሆነ ሁለቱ ሊያቃኑት አይችሉም። ስለዚህ ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋና የመርከቡን ቀን እንደሚመረምር ሁሉ፥ በደብዳቤው ውስጥ ያሉትንም ቃላት መመርመር ይገባዋል። ኢትዮጵያና ጀርመን የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት በ1905 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህም በሁለቱ አገሮች መካከል ብዙ ደብዳቤ ተመላልሷል። በዚህ ትምህርት የሚመረመረው በጀርመን ነጋዴዎች ደብዳቤ፥ ውልና የሒሳብ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኝ አንድ ቅጽል ሲሆን፥ እርሱም «አብግሬንትስባር» የሚባለው ነው። ትርጉሙ ባጭሩ «ከሌላው ተለይቶ ወሰኑ በግልጽ ሊታወቅ የሚችል» ማለት ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አስቀድሞ አንድ ምሳሌ ይቅረብ። አንድ የላስታ ማር ነጋዴ በሐምቡርግ ከሚገኝ ገዥ ጋር 30 ኩንታል ማር ሊልክ ተዋውሏል እንበል። ማሩ ከሦስት መንደር የሚሰበሰብ ነው። ገዥው «የሦስቱ መንደሮች ማር በግልጽ አብግሬንትስባር ይሁን» ሲል ይጽፋል። ደብዳቤውን የሚተረጕመው ጸሓፊ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ግሬንትሴ» ማለት ወሰን መሆኑን ያገኝና «ማሩ የተወሰነ ይሁን» ብሎ ይተረጕማል። ነጋዴውም ይህን ሰምቶ ገዥው ጥቂት ማር ብቻ የፈለገ ይመስለዋል። ስለዚህ 30ውን ኩንታል ወደ 20 ቀንሶ፥ የሦስቱንም መንደር ማር በአንድነት አደባልቆ በበርሜል ይልካል። ዕቃው ሐምቡርግ በደረሰ ጊዜ ገዥው አልቀበልም ይላል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥፋት አለ። የጎደለው 10 ኩንታል አንደኛው ነው፤ የተደባለቀው 20 ኩንታል ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይብሳል፤ የጎደለው በሌላ ጊዜ ሊሞላ ይችላል፥ የተደባለቀው ማር ግን ወደየመንደሩ ሊመለስ አይችልም። ነጋዴው ይህን ሁሉ የሚከስረው በአንድ ቃል ምክንያት ነው።

1ኛ፤ የቃሉ አፈጣጠር

«አብግሬንትስባር» ሦስት ክፍል አለው። መነሻው «አብ» መለየትን ያመለክታል። መካከለኛው «ግሬንትሴ» ወሰን ወይም ድንበር ማለት ነው። መድረሻው «ባር» ሲሆን፥ ከግሥ ጋር በተጣበቀ ጊዜ «ሊደረግ የሚችል» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ሦስቱ ሲገጣጠሙ «ወሰን ተበጅቶለት ከሌላው ሊለይ የሚችል» የሚል ይሆናል።

«ግሬንትሴ» የሚለው ቃል ራሱ ከጥንት የጀርመን ቋንቋ የተወለደ አይደለም። ጀርመኖች ቀድሞ ድንበርን «ማርክ» ይሉት ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ግን በምሥራቅ በኩል ከሚያዋስኗቸው የስላቭ ሕዝቦች «ግራኒጻ» የሚለውን ቃል ወሰዱ። ድንበር ማለትን ከድንበርተኛ መማራቸው የሚያስገርም አይደለም።

«ባር» የሚለውም መድረሻ ጥንታዊ ትርጉሙ «የሚሸከም፥ የሚያፈራ» ማለት ነበር። ለዚህ ምስክሩ «ፍሩኽትባር» የሚለው ቃል ነው፤ እርሱም «ፍሬ የሚያፈራ፥ ለም» ማለት ነው። ከጊዜ ብዛት ይህ መድረሻ ከግሥ ጋር እየተጣበቀ «ሊደረግ የሚችል» ወደሚለው ትርጉም ተሻገረ። ከጀርመን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን መድረሻ ለይቶ ያወቀ እንደ ሆነ፥ በሣጥንና በፋክቱር ላይ የሚያያቸውን ብዙ ቃላት በቀላሉ ያስተውላል። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

«ሊፈርባር» ማለት ሊላክ ወይም ሊቀርብ የሚችል፥ በመጋዘን የሚገኝ ዕቃ ማለት ነው።
«ትሳልባር» ማለት ሊከፈል የሚገባው ማለት ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ቀን ተጽፎ የተገኘ እንደ ሆነ የመክፈያው መጨረሻ ቀን ነው።
«ሃልትባር» ማለት ሳይበላሽ የሚቆይ ማለት ነው፤ በምግብ ዕቃ ላይ ከቀን ጋር ይጻፋል።
«ብሬንባር» ማለት የሚቀጣጠል ማለት ነው፤ በመጋዘን አቀማመጥ ረገድ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።
«ሽታፐልባር» ማለት አንዱ ባንዱ ላይ ሊደረደር የሚችል ማለት ነው፤ ከፊቱ «ኒኽት» የሚል ቃል ከተጨመረ ግን «አትደርድሩበት» ማለት ይሆናል።
«ኡበርትራግባር» ማለት ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ የሚችል ማለት ነው፤ በባንክ የሚከፈተው ሌተር ኦፍ ክሬዲት ወደ ሌላ ተጠቃሚ የሚተላለፍ መሆኑን ለመግለጽ ይነገራል።

2ኛ፤ የአማርኛው ትርጉም

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ድኻ ቋንቋ አይደለም። «ወሰነ» ከሚለው ግሥ ወሰን፥ ውሳኔ፥ ውስን፥ አዋሳኝ የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። ገበሬው ስለ መሬቱ ሲናገር «በምሥራቅ ወንዙ፥ በምዕራብ የእገሌ ማሳ ያዋስነዋል» ይላል፤ ዳኛው ደግሞ ክርክሩን ሰምቶ «ወስኛለሁ» ይላል። መሬትን መለየትና ፍርድን መስጠት ከአንድ ሥር የወጡ ሥራዎች መሆናቸው ነው። የጀርመንም ቋንቋ እንዲሁ ነው፤ መወሰን ለማለት የሚነገረው «ኤንትሻይደን» የሚለው ቃል «ሻይደን» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፥ «ሻይደን» ማለትም መለየት ነው።

ነገር ግን «የተወሰነ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሦስት ትርጉም ስላለው ለተርጓሚ አሳሳች ነው። አንደኛ፥ «የተወሰነ ሰው መጣ» ሲባል ጥቂት ማለት ነው። ሁለተኛ፥ «ዋጋው የተወሰነ ነው» ሲባል የተቈረጠ፥ የማይለወጥ ማለት ነው። ሦስተኛ፥ «ኀላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር» ሲባል ከዚህ መጠን የማያልፍ ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱም «አብግሬንትስባር» የሚለውን አይተካም። ለሦስተኛው ትርጉም ጀርመኖች «በግሬንትስት» የሚል ሌላ ቃል አላቸው። ሁለቱም ቃላት ከ«ግሬንትሴ» የወጡ ስለ ሆነ ይመሳሰላሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። «በግሬንትስት» ነገሩ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ይናገራል፤ «አብግሬንትስባር» ግን ነገሩ ከጎኑ ካለው ሌላ ነገር ተለይቶ መታወቅ መቻሉን ይናገራል። ከላይ በተነገረው ምሳሌ ጸሓፊው የተሳሳተው ሁለቱን በማደባለቁ ነው።

እንዲሁም «የሚለይ» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃም። «የሚለይ» የሚለው «ወደ ፊት ይለያል» ወይም «ሊለይ ይችላል» ተብሎ በሁለት መንገድ ሊነበብ ስለሚችል፥ በውል ውስጥ «ወሰኑ በግልጽ ሊለይ የሚችል» ተብሎ ቢጻፍ የተሻለ ነው። አስፈላጊም በሆነ ጊዜ በምን እንደሚለይ ይጨመር፤ በምልክት፥ በቍጥር፥ በሚዛን ወይም በቦታ ተብሎ ይዘርዘር።

መዝገበ ቃላት ብቻውን እንደማይበቃ የኢትዮጵያና የጀርመን የትምህርት ታሪክ ራሱ ያስረዳል። ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው የኤርፉርት ተወላጅ የኢትዮጵያን ቋንቋ ያጠናው፥ በአማራ ምድር ከመካነ ሥላሴ ከሄዱት ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኝቶ እየጠየቀ ነው። ሁለቱ በ1649 እ.ኤ.አ. በሮም ተዋወቁ፤ በ1652ም አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄዱ። ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 በፍራንክፈርት አሳተመ። ሊቅ የነበረው ሰው ከቋንቋው ባለቤት መጠየቅን ካላፈረ፥ ጸሓፊም ያልገባውን ቃል ከገዥው ራሱ ቢጠይቅ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። አንድ የጥያቄ ደብዳቤ ከአንድ ጭነት ማር ይረክሳል።

3ኛ፤ በይምርሐነ ክርስቶስ የሚታይ ምሳሌ

የቃሉን ፍች በዓይን ለማየት የሚሻ ሰው ከላስታ ምድር መውጣት አያስፈልገውም። ከላሊበላ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተጓዘ እንደ ሆነ፥ ጥድ በበቀለበት ተራራ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ስሙ የተጠራበት ንጉሥ ከንጉሥ ላሊበላ አስቀድሞ የነገሠ የዛጔ ንጉሥ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በአክሱም ዘመን የግንብ ሥርዐት፥ አንድ ረድፍ እንጨት አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተደረበ የተሠራ ነው። የድንጋዩ ረድፍ በነጭ ልስን ተለብጧል፤ የእንጨቱ ረድፍ ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ከሩቅ የሚመለከት ሰው እንኳ እንጨቱ የት አብቅቶ ድንጋዩ የት እንደሚጀምር ያለ መሪ ይለያል። ሕንጻውም ራሱ ከዋሻው አለት የተለየ ነው። ዋሻው ጣራ ሆኖ ቢጋርደውም ዋሻው ዋሻ፥ ቤቱም ቤት ሆኖ ይታያል። ይህ ፍጹም «አብግሬንትስባር» የሆነ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ በላሊበላ ያለው ቤተ ጊዮርጊስ ይታሰብ። እርሱ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። በዙሪያው 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ስለ ተቈፈረለት በአራቱም ጎን ከተራራው ተለይቷል። ወደ ታች ወደ መሠረቱ የወረደ ሰው ግን «እዚህ ላይ ተራራው አበቃ፤ እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ጀመረ» ብሎ መስመር ሊያሰምር አይችልም፤ መሠረቱና ተራራው አንድ አለት ናቸውና። ስለዚህ በጎን በኩል ወሰኑ የሚለይ፥ በመሠረቱ በኩል ግን ወሰኑ የማይለይ ነው። ይህም የሕንጻው ጕድለት ሳይሆን ግርማው ነው።

ነጋዴው ከዚህ የሚማረው ትልቅ ቁም ነገር፥ አንድ ነገር ባንድ በኩል ወሰኑ ተለይቶ በሌላ በኩል ላይለይ መቻሉን ነው። ከላይ የተጠቀሰው 20 ኩንታል ማር በሚዛን ረገድ ወሰኑ የታወቀ ነበር፤ ከ20 አይበልጥም፥ አያንስም። በመንደር ረገድ ግን ወሰኑ ጠፍቷል። ስለዚህ «ዕቃው የተለየ ነው» የሚል ሰው ሁልጊዜ «በምን የተለየ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

4ኛ፤ የቀድሞ ነጋዴዎች ልማድ

የቀድሞ ነጋዴዎች ቃሉን ባያውቁም ሥራውን ያውቁት ነበር። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ እየተቈረጠ፥ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ሰቆጣ ገበያ ይደርስ፥ ከዚያም ወደ ሌላው አገር ይሠራጭ ነበር። ጨው በልቅ የሆነ እንደ ሆነ መሰፈር ይፈልጋል፤ በስፍር ላይ ደግሞ ክርክር አይጠፋም። በአሞሌ መልክ ተቈርጦ የቀረበ ጨው ግን እንደ ገንዘብ ይቈጠር ነበር። እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፤ የተሸረፈውም አሞሌ ዋጋው ይወርዳል። የዋጋው መሠረት ጨውነቱ ብቻ ሳይሆን የጠርዙ ደኅንነትም ነበር።

በኋላም 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር፥ ማለት ጠገራ ብር፥ በገበያ በነገሠበት ዘመን፥ ነጋዴዎች በንግሥቲቱ የራስ ጌጥና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየቈጠሩ እውነተኛውን ይለዩ ነበር። ንግሥቲቱ በዚያው በ1780 ብትሞትም ብሩ መልኩና ዓመቱ ሳይለወጥ እየታተመ የቀጠለው፥ ገበያው የለመደውን መለያ የለወጠ እንደ ሆነ አልቀበልም ስለሚል ነው። በ1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በወጣ ጊዜ የጠገራ ብር ዘመን ወደ ፍጻሜው ደረሰ፤ ልማዱ ያስተማረው ትምህርት ግን አላረጀም።

5ኛ፤ በውልና በዕቃ ርክክብ

በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1714፥ የተዋዋዮቹ ግዴታ በበቂ ሁኔታ ተለይቶ ሊታወቅ ያልቻለ እንደ ሆነ ውሉ እንደማይጸና ያዛል። ዳኛውም እተረጕማለሁ ብሎ ለተዋዋዮቹ አዲስ ውል ሊፈጥርላቸው እንደማይችል ይደነግጋል። ይህ «አብግሬንትስባር» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ያለው ወንድም ነው ማለት ይቻላል። «ጥሩ ማር ይላካል» የሚል ውል ጥሩነቱ በምን እንደሚለካ ስለማይናገር ለክርክር በር ይከፍታል።

በዓይነት ብቻ ተለይቶ የሚሸጥ ዕቃ፥ እንደ ጤፍ፥ እንደ ስኳር፥ እንደ ሲሚንቶ ያለው፥ የራሱ ሥርዐት አለው። በኢትዮጵያ ሕግ ቍጥር 1747 መሠረት፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ የሚሰጠውን ዕቃ የሚመርጠው ባለዕዳው ነው፤ ነገር ግን ከመካከለኛ ጥራት በታች የሆነውን ሊያቀርብ አይችልም። ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግም በቍጥር 243 መካከለኛ ዓይነትና ጥራት እንዲቀርብ ያዛል። በተጨማሪም ባለዕዳው በበኩሉ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ ባደረገ ጊዜ፥ ግዴታው በዚያ በተለየው ዕቃ ላይ ይወሰናል ይላል።

መለየቱ ለምን እንደሚጠቅም በሚከተለው ምሳሌ ይታያል። ሁለት ነጋዴዎች፥ አንዱ በደሴ አንዱ በወልድያ፥ ከአንድ የጀርመን ሻጭ አንድ ዓይነት ዕቃ አዘዙ እንበል። የደሴው 120 ካርቶን፥ የወልድያው 80 ካርቶን ነው። ሻጩ ወጪ ለመቀነስ 200ውን ካርቶን ያለ ምልክት በአንድ ኮንቴይነር ጫነው። በባሕር ላይ ውኃ ገብቶ 50 ካርቶን ተበላሸ። የተበላሸው የማን ነው? በካርቶኑ ላይ የገዥው ስምና ቍጥር ቢጻፍ ኖሮ ጥያቄው በአንድ ደቂቃ ይፈታ ነበር። ምልክት ስለሌለው ግን የደሴው «የእኔ ደኅናው ነው» ይላል፤ የወልድያውም እንዲሁ ይላል፤ ሻጩ ደግሞ «ኀላፊነቱ ወደ ገዥዎቹ ተላልፏል» ብሎ ይከራከራል።

በ1980 እ.ኤ.አ. በቪየና የወጣው የዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ስምምነት፥ ጀርመንም የምትሠራበት፥ ለዚህ ጉዳይ በቍጥር 67 መልስ ሰጥቷል። ዕቃው በምልክት፥ በጭነት ሰነድ፥ ለገዥው በሚላክ ማስታወቂያ ወይም በሌላ መንገድ የውሉ ዕቃ መሆኑ በግልጽ እስኪለይ ድረስ፥ የጥፋት ኀላፊነት ወደ ገዥው አይተላለፍም ይላል። ኢንኮተርምስ የተባሉት የንግድ ውል ደንቦችም በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው እትማቸው ይህንኑ መለየት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከጀርመን የሚያስመጣ ነጋዴ በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ «በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ የገዥው ስም፥ የትእዛዙ ቍጥርና የካርቶኑ ተራ ቍጥር ይጻፍ፤ ይኸውም በፓኪንግ ሊስቱ ላይ ይስፈር» ብሎ መጨመር ይጠቅመዋል። ይህ አንድ መስመር ጽሕፈት የዓመታት ወዳጅነትን ሊያድን ይችላል።

ዕቃው አንድ ጊዜ ከተደባለቀ በኋላ ሕግ የቀድሞውን ወሰን ሊመልሰው አይችልም። የጀርመን ሕግ በቍጥር 948፥ የማይለያይ ሆኖ የተደባለቀ ዕቃ የባለቤቶቹ የጋራ ይሆናል፤ ድርሻቸውም ዕቃው በተደባለቀበት ጊዜ በነበረው ዋጋ መጠን ነው ይላል። በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ከሦስት ሰው ማር በአደራ ተቀብሎ በአንድ ጋን የሚገለብጥ ሰው፥ ሦስቱን ሰዎች ሳያማክር ማኅበርተኞች አደረጋቸው ማለት ነው።

6ኛ፤ በሒሳብ መዝገብ

የጀርመን የሒሳብ ሠራተኞች «ሬኽኑንግስአብግሬንትሱንግ» የሚሉት ሥራ አላቸው። በአማርኛ «የሒሳብ ማዋሰን» ሊባል ይችላል። ይኸውም አንዱን የሒሳብ ዓመት ከሚቀጥለው ዓመት መለየት ነው። የጀርመን የንግድ ሕግ በቍጥር 250 ስለዚህ ጉዳይ ይደነግጋል። በጀርመን አገር ብዙው ነጋዴ ሒሳቡን ከጥር ወር መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ ወር መጨረሻ በእነርሱ አቈጣጠር ያደርጋል፤ በኢትዮጵያ ግን ብዙው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ወሰኑ የት እንዳለ ያላወቀ ነጋዴ ትርፉንም ኪሳራውንም አያውቅም።

ለምሳሌ አንድ ባለሱቅ በመጋቢት 1 ቀን የ12 ወር የሱቅ ኪራይ ብር 120000 ባንድ ጊዜ ከፈለ እንበል። የወሩ ኪራይ ብር 10000 መሆኑ ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ 4 ወር ስለ ሆነ የዚህ ዓመት ወጪ ብር 40000 ብቻ ነው። የቀረው ብር 80000 የሚቀጥለው ዓመት ወጪ ሲሆን፥ በሰኔ 30 መዝገብ ላይ «በቅድሚያ የተከፈለ» ተብሎ በሀብት በኩል ይቀመጣል። ባለሱቁ ሁሉንም በዚህ ዓመት ወጪ አድርጎ የጻፈው እንደ ሆነ የዘንድሮው ትርፍ በብር 80000 አንሶ ይታያል፤ የከርሞውም በዚያው ልክ በዝቶ ይታያል። በዚህ ምክንያት ዘንድሮ ከስሬአለሁ ብሎ ሱቁን ሊዘጋ፥ ወይም ከርሞ አትርፌአለሁ ብሎ ያለ አቅሙ ሊበደር ይችላል። ገንዘቡ አልጠፋም፤ የጠፋው ወሰኑ ነው።

7ኛ፤ በቡና ንግድ

የላኪዎች ዋና ዕቃ ቡና ስለ ሆነ የቃሉ ኀይል ከሁሉ ይልቅ በዚህ ይታያል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጥሯል፤ በ2007ም ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጋር ስምምነት ተደርጓል። ይህ ሥራ በስም በኩል ወሰን ማበጀት ነበር።

በ2008 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ በጀመረ ጊዜ ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ በአንድነት ይሸጥ ነበር። ይህ ለዋጋ ግልጽነት ጠቀመ፤ ነገር ግን ቡናው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያና ከየትኛው ገበሬ እንደ መጣ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ በ2017 እ.ኤ.አ. መነሻውን ለመከታተል የሚያስችል ማሻሻያ ተደረገ።

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቍጥር 2023/1115 ደንብ፥ ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልመጣ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል ይላል። ለዚህም ቡናው የበቀለበት መሬት በኬክሮስና በኬንትሮስ ቍጥር እንዲታወቅ ይጠይቃል። መሬቱ ከ4 ሄክታር የበለጠ እንደ ሆነ ዙሪያ ወሰኑ በሙሉ መሰጠት አለበት፤ ከዚያ ላነሰው አንድ ነጥብ ይበቃል። የደንቡ ሥራ ላይ መዋያ ቀን መጀመሪያ ከተቈረጠው ተላልፏል፤ ላኪው ግን ቀኑን እየተከታተለ መሰናዳት እንጂ በመተላለፉ መዘናጋት አይገባውም። ብዙው የኢትዮጵያ ቡና አምራች አነስተኛ ገበሬ ስለ ሆነ፥ ለብዙዎቹ አንድ ነጥብ ይበቃቸዋል። ሆኖም ነጥቡ የተመዘገበለት ገበሬ ቡና ካልተመዘገበው ጋር በአንድ ጆንያ ውስጥ ከተደባለቀ፥ ምዝገባው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የመሬቱ ወሰን የሚጠቅመው የጆንያውም ወሰን የተጠበቀ እንደ ሆነ ነው።

8ኛ፤ ወሰኑ የማይለይ ሀብት

ትምህርቱ እንዳይዛባ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በንግድ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ «አብግሬንትስባር» አይደለም። ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደንብ፥ አንድ የማይዳሰስ ሀብት በመዝገብ እንዲገባ ከድርጅቱ ተለይቶ ሊሸጥ የሚችል ወይም በሕግና በውል ከተገኘ መብት የመጣ እንዲሆን ይጠይቃል። ነጋዴው ራሱ በሥራው ያፈራው መልካም ስም ይህን መመዘኛ ስለማያሟላ በሀብት መዝገብ ላይ አይጻፍም። እንደ ቤተ ጊዮርጊስ መሠረት፥ ስሙ የት አብቅቶ ሰውየው የት እንደሚጀምር መስመር ሊሰመርበት አይችልም።

ከላይ የተነገረው የማር ነጋዴ ያጣው ገንዘብ በሒሳብ ሊቈጠር ይችላል፤ የጭነቱ ኪራይ፥ የማሩ ዋጋ፥ የጎደለው 10 ኩንታል ሁሉ ይታወቃል። በገዥው ዘንድ የነበረው እምነት ግን ዋጋው በየትኛውም ዓምድ አይገኝም። ወሰኑ ሊለይ የሚችለውን ነገር ሁሉ በጥንቃቄ መለየት የሚያስፈልገው ይህን ወሰን የሌለውን ሀብት ለመጠበቅ ነው።

መልመጃ

1. «በግሬንትስት» እና «አብግሬንትስባር» በምን ይለያያሉ?
2. አንድ ነጋዴ በግንቦት 1 ቀን የ6 ወር የመጋዘን ኪራይ ብር 60000 ከፈለ። በሰኔ 30 ቀን «በቅድሚያ የተከፈለ» ተብሎ የሚጻፈው ስንት ነው?
3. «ኒኽት ሽታፐልባር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሣጥን በመጋዘን ሲቀመጥ ምን ማድረግ ይገባል?

መልስ። 1. የመጀመሪያው የነገሩን መጠን ይገድባል፤ ሁለተኛው ነገሩ ከሌላው ተለይቶ መታወቅ መቻሉን ይናገራል። 2. ግንቦትና ሰኔ 2 ወር ስለ ሆኑ ብር 20000 የዚህ ዓመት ወጪ ነው፤ ብር 40000 በቅድሚያ የተከፈለ ይባላል። 3. በላዩ ሌላ ዕቃ አይደረደርበትም።